ስለ ወረቀት ሥዕልና ስለ ባዶው ወንበር

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጃችን አዲስ ቤት ቢገባ «እንኳን ደስ ያለህ» ልንለው ሔደን ነበር። ወዳጃችን ትምህርቱን ጨርሶ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ከያዘ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ቤቱም በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ስትሆን፣ አልጋና ጠረጴዛ ከገባባት በኋላ ለእንግዳ የሚተርፈው ቦታ ብዙ አይደለም። ግድግዳው ግን ባዶ አልነበረም። በጥቁር እንጨት የተከፈፉና መስተዋት የለበሱ አራት ሥዕሎች ተሰቅለውበታል፤ አንደኛው የሾርባ ቆርቆሮ፣ ሁለተኛው በነጭ ጨርቅ ላይ የተዘረገፈ ፖምና ብርቱካን፣ ሦስተኛው ተጠጋግተው የቆሙ ጠርሙሶች፣ አራተኛው አንድ ቢጫ ወንበር።

ከመንዝ ለጥየቃ የመጡት አጎቱ ስኒያቸውን እንደ ያዙ ግድግዳውን ረዘም ላለ ጊዜ ሲመለከቱ ቆዩና፣

«አንተ ልጅ፣ ይህ ወንበር የማን ነው?» አሉት።

«የማንም አይደለም ጋሼ፤ ሥዕል ነው እኮ።»

«ሥዕል መሆኑንማ አየሁ። ባለቤቱ ወዴት ሔዶ ነው ብዬ ነው እንጂ። ሞቶ ነው?»

በክፍሉ ያለነው ሁሉ ሳቅን። እኛም አብረን ሳቅን፤ አሁን ይህን ስንጽፍ ያሳፍረናል። ከሥራ ባልደረቦቹ አንዱ «ሰው ለሾርባ ቆርቆሮ ገንዘብ ያወጣል?» ሲል፣ ሌላው ደግሞ «ለዚያውም ኮፒ!» ብሎ ጨመረበት። ወዳጃችን ፊቱ ቀላ። «ኦሪጂናል ነው ብለው ነው የሸጡልኝ» አለ በቀስታ። ለካስ ሻጩ የወር ደመወዙን ሲሶ ተቀብሎታል። በሳምንቱ ተመልሰን ብንሔድ ወንበሩ ከግድግዳው ወርዶ በቦታው የምረቃ ፎቶግራፉ ተሰቅሏል። ወንበሩ አልጋው ሥር ነው።

እኛ ወዳጃችን ወንበሩን ማውረድ አልነበረበትም ባዮች ነን። ለምን እንዲህ እንደምንል ለማስረዳትም ከአጎትየው ጥያቄ መነሣት ይሻለናል፤ በዚያ ቀን ሥዕሉን በእውነት ያየ ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ነበሩና። (ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይያዝልን።)

ወንበሩን የሣለው ሆላንዳዊው ቪንሰንት ቫን ጎግ ነው። ይህ ሰው በ1888 በደቡብ ፈረንሳይ፣ በአርል ከተማ፣ አንዲት ቢጫ ቤት ተከራየ። ቤቲቱ ሠዓልያን ተሰባስበው አብረው የሚኖሩባት ትሆን ዘንድ ተመኝቶ ነበርና ዐሥራ ሁለት ወንበር ገዛላት። እንግዳ ሆኖ የመጣለት ግን ፖል ጎጋን ብቻ ነበር። እሱም በጥቅምት መጥቶ ሁለት ወር ያህል ከቆየ በኋላ፣ በታኅሣሥ፣ ሁለቱ ክፉኛ ተጣልተው ትቶት ሔደ። ቫን ጎግ የራሱን ጆሮ የቆረጠበት ያ የታወቀው ሌሊት የዚህ ጠብ መጨረሻ ነው። በነዚያው ወራት ቫን ጎግ ሁለት ወንበሮችን ሣለ። አንደኛው የራሱ ነው፤ መቀመጫው በሣር የተታታ፣ እግሩ ወፍራም፣ በቀይ ሸክላ ንጣፍ ላይ የቆመ የድኻ ወንበር፤ በላዩም ፒፓና ትምባሆ ተቀምጦበታል። ከኋላው ባለው የሽንኩርት ሳጥን ላይ «ቪንሰንት» የሚል ስም ተጽፏል። ሁለተኛው የጎጋን ነው፤ ክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ ሻማና መጻሕፍት የተቀመጡበት፣ በሌሊት ብርሃን የተሣለ የተከበረ ወንበር። በሁለቱም ላይ ሰው የለም። ዛሬ የቪንሰንት ወንበር ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የሥዕል ቤት፣ የጎጋን ወንበር አምስተርዳም ባለው የቫን ጎግ ቤተ መዘክር ይገኛል፤ ባለቤቶቻቸው እንደ ተለያዩ እነሱም ተለያይተው ቀርተዋል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ በሰኔ 1870 ሲሞት፣ ለመጨረሻው ልብ ወለዱ ሥዕል ይሠራለት የነበረው ሉክ ፊልደስ ወደ ሟቹ ቤት ገብቶ የጽሕፈት ክፍሉን ሣለ። በክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛው አለ፤ ወንበሩም ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ቆሟል፤ ጸሐፊው የለም። «ዘ ግራፊክ» የተባለው የለንደን ሳምንታዊ ጋዜጣ ያንን ሥዕል ለዚያው ዓመት የገና እትሙ አተመው። ቫን ጎግ የዚህን ጋዜጣ ሥዕሎች እየለቀመ ያጠራቅም ስለ ነበር፣ የዲከንስን ባዶ ወንበር አግኝቶ አስቀምጦት ነበር፤ ለወንድሙም በደብዳቤ አንሥቶለታል። ዐሥራ ስምንት ዓመት ቆይቶ የራሱን ወንበር ባዶውን ሲሥል ያ የጋዜጣ ወረቀት በሐሳቡ አልነበረም ለማለት ያስቸግራል።

እንግዲህ የመንዙ አዛውንት «ባለቤቱ ወዴት ሔዶ ነው? ሞቶ ነው?» ብለው ሲጠይቁ የሥዕሉን አጥንት ነክተውት ነበር። ማንም አላስተማራቸውም። አባት ሲሞት መቀመጫው ላይ ዘሎ የሚቀመጥ ልጅ በሌለበት አገር ያደገ ሰው ባዶ ወንበር ምን እንደሚናገር ያውቃል። የሳቅነው እኛ፣ ኮሌጅ ገብተን የወጣነው ነን።

እዚህ ላይ «መልካም፤ ወንበሩስ ታሪክ አለው። ፖሙና ጠርሙሱ ግን ምን ቁም ነገር አላቸው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው አዲስ አይደለም። በፈረንሳይ በ17ኛው መቶ ዓመት የሥዕል አካዴሚው ሊቃውንት ሥዕልን በማዕርግ ሲደለድሉ የቅዱሳንንና የነገሥታትን ታሪክ ከላይ፣ ፍራፍሬና ዕቃን ከታች አስቀምጠዋል። በኛም አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደንብ አለው፤ ጻድቁ ሁለት ዐይኑ እየታየ ፊት ለፊት ሲሣል፣ ኃጢአተኛው በአንድ ዐይኑ በጎን ይሣላል። ዕቃ ቢሣልም ለባለ ታሪኩ ሲባል ነው እንጂ ለራሱ ሲባል አይደለም።

ፖል ሴዛን ይህን ማዕርግ ሳይጮኽ የገለበጠ ሰው ነው። በደቡብ ፈረንሳይ በኤክስ ከተማ ተወልዶ በ1906 እዚያው የሞተው ይህ ሠዓሊ አንድ ሳሕን ፖም ፊቱ አስቀምጦ እጅግ በዝግታ ይሥል ስለ ነበር፣ ሥዕሉ ሳያልቅ ፍሬው ይበሰብስበት ነበር ይባላል። ወዳጃችን ግድግዳ ላይ ያለውን «ፖምና ብርቱካን» አስተውሎ ለተመለከተ ጠረጴዛው ወደ እኛ ያዘነበለ ነው፤ ፍሬዎቹ ሊንከባለሉ ይገባቸው ነበር፣ ግን አይንከባለሉም። አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከጎን ያየው ይመስላል። ሰው አንድን ነገር ቆሞ ሲያይ ዐይኑ እንደ ፎቶግራፍ መሣሪያ በአንድ ቦታ አይተከልም፤ ይንቀሳቀሳል። ሴዛን ይህንን እንቅስቃሴ ለመሣል ሞከረ፤ ከሱ በኋላ የመጡት እነ ፒካሶም ከዚህ ተነሥተው ነው ጊታሩንና ጠርሙሱን የሰባበሩት። ለዚህ ሥራ ንጉሥ አያስፈልገውም ነበር፤ ፖም በቃው።

የጠርሙሶቹ ሠዓሊ ጆርጂዮ ሞራንዲ ደግሞ በቦሎኛ ከሦስት እኅቶቹ ጋር ኖሮ በ1964 የሞተ ኢጣሊያዊ ነው። ሚስት አላገባም፤ ከከተማው ብዙም አልራቀም። መኝታ ክፍሉ የሥራ ክፍሉም ነበረች፤ በውስጧም ጠርሙስና ማሰሮ፣ ቆርቆሮና ጣሳ እየደረደረ፣ አቧራው እንደ ለበሳቸው፣ ያንኑ በየዓመቱ ይሥል ነበር። አንዳንዱን ጠርሙስ ብልጭታው እንዲጠፋ ቀለም ይቀባው ነበር። የሱ ሥዕል በመጀመሪያ እይታ ምንም አይልም። እኛም በመጀመሪያ ያየነው ጊዜ አልፈነው ሔደናል። ዛሬ ግን ከአራቱ አንዱን ውሰዱ ብንባል የምንወስደው እሱን ነው። ከሥራ ደክሞት የገባን ሰው የማይጮኽበት ሥዕል ይሻለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ስድብ እንመለስ፤ «ለዚያውም ኮፒ!» ወደተባለው።

ወዳጃችንን ያሳፈረው ይህች ቃል ናት። ነገር ግን በየቤታችን ግድግዳ ላይ ያለውን እስቲ እናስብ። እናቶቻችን ጧት ተነሥተው የሚሳለሟት፣ መጋረጃ አልብሰው ያስቀመጧት የእመቤታችን ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ በማተሚያ መኪና የወጣች ወረቀት ናት። «ኮፒ ናት» ብሎ የናቃት ሰው አልሰማንም። በወረቀቱ በኩል ወደ ማን እንደሚመለከቱ ያውቃሉና ወረቀትነቱ አላሳፈራቸውም።

ቫን ጎግ ራሱስ? በ16 ዓመቱ፣ በ1869፣ የተቀጠረው ሄግ ከተማ በነበረው የጉፒል ኩባንያ ቅርንጫፍ ሲሆን፣ ይህ ኩባንያ ከሚነግዳቸው ነገሮች አንዱ የታዋቂ ሥዕሎች ኅትመትና ፎቶግራፍ ነበር። በኋላ ፓሪስ ሲኖር የጃፓን የእንጨት ቅርጽ ኅትመቶችን በመቶ እየቆጠረ ገዛ፤ የሥራ ክፍሉን ግድግዳ ሸፈነባቸው። በ1889 በሰን ሬሚ የሕሙማን ቤት ገብቶ ወጥቶ ለመሣል በተቸገረ ጊዜም የፈረንሳዊውን የሚሌን የገበሬ ሥዕሎች ከጥቁርና ነጭ ኅትመት እያየ በራሱ ቀለም ሃያ ያህል ሥዕል ሠራ። ከዚህ ሰው ሕይወት ላይ ኅትመቱን ሁሉ ብናነሣ የዲከንስ ወንበር ይጠፋል፤ ከዲከንስ ወንበር ጋርም ቢጫው ወንበር አብሮ ሊጠፋ ይችል ነበር። ስለዚህ በወረቀት ሥዕል የሚያፍር ሰው ቢያንስ በቫን ጎግ ሥዕል ፊት አይፈር።

ይህን ስንል ኅትመት ከዋናው ጋር እኩል ነው ማለታችን አይደለም። አይደለም። የቫን ጎግ ቀለም በሸራው ላይ ወፍሮ የተጋገረ ነው፤ በወረቀት ላይ ይጠፍጠፋል። ዋናው የቪንሰንት ወንበር ቁመቱ 92 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ወዳጃችን የሰቀለው ግን የጽሕፈት ወረቀት ያህላል፤ ይህም ማለት ከወንበር ይልቅ የወንበር ደብዳቤ ነው። የሴዛን ሰማያዊ ጥላ በመጥፎ ማተሚያ ግራጫ ይሆናል። የሞራንዲ ሥዕሎች በጥቅሉ ትንንሾች ስለ ሆኑ በመጠን ብዙ አይጎዱም፤ ጉዳታቸው በቀለም ነው። የሱ ቡኒና የሱ ነጭ ጥቂት ቢዛቡ ሥዕሉ ይሞታል። ከአራቱ በኅትመት ብዙ የማይጎዳው የሾርባው ቆርቆሮ ነው፤ ምክንያቱም እሱ ከጥንቱም ኅትመት ሊመስል የተሠራ ነው።

አንዲ ዋርሆል 32 የካምቤል ሾርባ ቆርቆሮዎችን በ32 ሸራ ላይ ሥሎ በሐምሌ 1962 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፌረስ በተባለ የሥዕል ማሳያ ቤት አቀረበ። ኩባንያው በዚያን ጊዜ ይሸጣቸው የነበሩት የሾርባ ዓይነቶች 32 ነበሩ። ሸራዎቹ እንደ ሱቅ ዕቃ በጠባብ መደርደሪያ ላይ ተደረደሩ። ሰው አፌዘ። አንድ ጎረቤት የሥዕል ነጋዴ እውነተኛውን ቆርቆሮ በመስኮቱ ከምሮ «ከኛ ዘንድ በርካሽ ይገኛል» አለ። የማሳያ ቤቱ ባለቤት ኧርቪንግ ብሉም ግን 32ቱ እንዳይለያዩ ብሎ ተሽጠው የነበሩትን ጥቂቶች መልሶ ሰብስቦ ሁሉንም በ1,000 ዶላር፣ በየወሩ እየከፈለ፣ ለራሱ ገዛቸው። በ1996 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥዕል ቤተ መዘክር ወሰዳቸው። ዋርሆል ራሱም በኋላ ቆርቆሮዎቹን በሐር ወንፊት እያተመ አባዝቷቸዋል።

በዚህ ሥዕል ግን ከወዳጃችን ጋር ጠብ አለን። ለኒው ዮርክ ሰው ያ ቆርቆሮ በልጅነቱ ምሳ የበላበት ነው፤ ለኛ ጀበናና ሽክና ማለት ነው። ዋርሆል ሰው በየቀኑ እጁ ላይ እያለ የማያየውን ነገር አንሥቶ «እየው» አለው። ወዳጃችን ግን ያንን ሾርባ ቀምሶት አያውቅም። ለምን እንደ ገዛው ስንጠይቀው በአንድ ፊልም ውስጥ፣ በአንድ ሀብታም ሳሎን ግድግዳ ላይ ስላየው ነው። እንዲህ ሲሆን ሥዕሉ ተመልሶ ከመጣበት ይገባል፤ የሱቅ ማስታወቂያ ይሆናል። የባዕድ ስለ ሆነ አይደለም የምንነቅፈው፤ ወንበሩም የባዕድ ነው። ወንበሩ ግን መንዝ ድረስ ሔዶ ሰው አናገረ፤ ቆርቆሮው አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ማንንም አላናገረም።

ከሁሉ የከፋው ግን ሻጩ የሠራው ነው። በኅትመት ላይ አሳላፊ ሙጫ በብሩሽ እየቀቡ የዘይት ቀለም ማስመሰል የታወቀ ዘዴ ሆኗል። የሙጫው ጭረት ወደ ቀኝ ሲሔድ ከሥር ያለው የቫን ጎግ ጭረት ወደ ግራ ይሔዳል፤ አስተውሎ ላየው ያስቃል። ወረቀት ወረቀት ነኝ ብሎ ቢሸጥ ነውር የለበትም፤ ወረቀት ዘይት ነኝ ሲል ግን ሌብነት ነው። ለመለየትም ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም። በማጉያ መነጽር ቀረብ ብሎ ማየት ነው፤ ቀለሙ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሠራ ከሆነ የማተሚያ መኪና ሥራ ነው። ነጠብጣብ ባይታይም ለሻጩ አንድ ጥያቄ እናቅርብለት፤ «ዋናው የት ነው ያለው?» ለንደን ያለ ወንበር መርካቶ ሊሸጥ አይችልም።

ኅትመት ስንገዛ በጀርባው አራት ነገር ተጽፎ ብናገኝ ምንኛ በጠቀመን፤ የሠዓሊው ስም፣ የተሣለበት ዓመት፣ የዋናው መጠን፣ ዋናው ያለበት ቦታ። ይህ ለአታሚው የአንድ መስመር ወጪ ነው። የወዳጃችንን አራቱንም ገልብጠን ብናይ ከባዶ ካርቶን በቀር ያገኘነው የለም።

ሌላም ያሳዘነን ነገር አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ በጥቂት ክፈፍ ሠሪዎችና ሥዕል ሻጮች ዘንድ እየዞርን የኛን ሠዓልያን ኅትመት ጠይቀን ነበር። በኮሎኝ ተምሮ የተመለሰው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥራዎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ በተሰየመው ማእከል ይገኛሉ፤ ተማሪ በታክሲ ሒዶ ሊያያቸው ይችላል። በዞርንባቸው ሱቆች ግን የሱን አንድም አላገኘንም። ጠርሙሱና ፖሙ ግን በየመጠኑ ሞልቷል። ሻጩ ስንጠይቀው «ጠያቂ የለውም» አለን። እኛ ደግሞ ሳይታተም ማን ይጠይቀዋል እንላለን። የሥዕል ስብስብ የያዙ ቤተ መዘክሮቻችን ሐምሳና ስድሳ ሥዕል መርጠው፣ የባለ መብቶችን ፈቃድ አግኝተው፣ በደኅና ወረቀት አሳትመው የተማሪ ኪስ በሚችለው ዋጋ ቢሸጡ ከዚህ የተሻለ የማስታወቂያ ዘዴ የሚያገኙ አይመስለንም። ወዳጃችን ለአራቱ ያወጣው ገንዘብ ለዚህ ሳይተርፍ አይቀርም ነበር።

ስለ አሰቃቀልም አንድ ነገር ጣል እናድርግ። እኛ ሥዕል ስንሰቅል ከኮርኒሱ ሥር አስጠግተን፣ ወደ ፊት አዘንብለን፣ እንደ ሹም ወደ ታች እንዲያየን እናደርገዋለን። ለአያት ፎቶግራፍ ይሁን። ፖምና ጠርሙስ ግን በዐይን ልክ፣ ከፀሐይ ፊት ዞር ብሎ ሊሰቀል ይገባዋል፤ የቀትር ፀሐይ የሚያርፍበት ቀለም በጥቂት ዓመታት ይገረጣል። በወረቀቱና በመስተዋቱ መካከልም የካርቶን ጠርዝ ይግባበት፤ ያለዚያ በክረምት እርጥበት ወረቀቱ ከመስተዋቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ለወዳጃችን ነግረነዋል። መጀመሪያ «ሰው ይስቅብኛል» ብሎ አመነታ። በኋላ ግን የምረቃ ፎቶግራፉን ወደ ጎን አሸጋሽጎ ወንበሩን አልጋው ሥር አወጣው፤ አቧራውን ጠርጎ በቁጭታ ልክ፣ ከመስኮቱ ዞር አድርጎ ሰቀለው። የሾርባውን ቆርቆሮ ማእድ ቤት አስገብቶታል። በጀርባውም በእርሳስ «ቫን ጎግ፣ 1888፣ ለንደን፤ ኅትመት» ብሎ ጽፎበታል።

አጎቱ ለፋሲካ ዳግመኛ መጥተው ነበር። ከወንበሩ ፊት ለፊት ተቀመጡና «ፒፓውን ትቶ ነው የሔደው፤ ይመለሳል ማለት ነው» አሉ። ወዳጃችን እንዳልተመለሰ ነገራቸው። «ታዲያ ያ ሁለተኛው ወንበር፣ የባልንጀራው፣ ለምን አልተሰቀለም?» ብለው ጠየቁት። አሁን እሱን እየፈለግንለት ነው።